አባዬ፣ የሰላቶ ቤት ገብቼ አይስክሬም በላሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመድኃኒቱን ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ወንድሜ አውጥቶ ያመጣልዎታል። በስልክ ነገር መጨረስ ስላልቻልን ነው ዛሬ የምጽፍልዎት። ደግሞም ይሄ ወሬ በስልክ አይሆንም።

ሰሞኑን ልጆቹን ይዤ ብሮድስቴርስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄጄ ነበር። ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ኬንት ውስጥ ነች። ከአሸዋው በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ሞሬሊስ የሚባል አይስክሬም ቤት አለ። ሲገቡ ሮዝ ፕላስቲክ ቆዳ የለበሱ መቀመጫዎች፣ ፎርማይካ ጠረጴዛዎች፣ ጥግ ላይ ጁክቦክስ። ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ወዲህ ብዙም እጅ አልነካውም። እርስዎ ቢያዩት ወጣትነትዎ እዚያ የቀረ የሚመስልዎት ዓይነት ቤት ነው። ልጆቹ በረጅም ብርጭቆ የሚቀርበውን አዘዙ፤ አይስክሬም፣ ፍራፍሬ፣ እንደገና አይስክሬም፣ ከላይ ክሬም። ትንሿ ማንኪያዋ ታች ድረስ አልደርስ ሲላት እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ አንጓዋ ብርጭቆው ውስጥ ከተተችው። እኔ ማኪያቶ ብዬ ብጠይቅ በጣት የምታህል ስኒ መጣችልኝ፤ ወተቱ ጠብታ ነው። እርስዎ ቢሆኑ «ይሄ ለናሙና ነው?» ብለው ይመልሱት ነበር።

የቤቱ ታሪክ ነው የያዘኝ። ጁሴፔ ሞሬሊ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1907 ከጣልያን መጥቶ፣ በብስክሌት እየዞረ አይስክሬም ይሸጥ ነበር አሉ። ይሄ ቤት በ1932 ተከፈተ፤ ለብዙ ዘመንም ከዘሩ እጅ አልወጣም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ዳር ከተሞች፣ እስከ ስኮትላንድና ዌልስ ድረስ፣ እንዲህ ባሉ የጣልያን ቤተሰብ ካፌዎች የተሞሉ ነበሩ። ድሆች ናቸው፤ ከተራራ መንደር የመጡ፣ ልጅ ሳይቀር መስኮት እየወለወለ የሚሠራባቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣባቸው። እሱ ደግሞ በእኛ 1932 ነው፤ ቁጥሩ እንዳያምታታዎት። ሰኔ 3 ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያው ሌሊት ሊቨርፑልም፣ ኤድንብራም፣ ካርዲፍም ሕዝብ ወጥቶ የጣልያኖቹን ሱቅ መስተዋት ሰባበረ። ትናንት አይስክሬም ሲገዛ የነበረ ጎረቤት ማለት ነው። ፖሊስም ወንዶቹን ከየቤታቸው ለቀመ፤ ልጆቻቸው እንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ነበሩበት። ከተያዙት ከፊሎቹን አራንዶራ ስታር በምትባል መርከብ ጭነው ወደ ካናዳ ሲልኳቸው፣ ሰኔ 25 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መታት። ከ800 በላይ ሰው ሰጠመ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ጣልያኖች ናቸው፤ ቡና አፍይዎች፣ አስተናጋጆች፣ ወጥ ሠሪዎች። የሙሶሊኒ ወዳጅ ጀርመን ነች የገደለቻቸው!

አሁን የገረመኝን ልንገርዎት። በዚያው ሰኔ፣ በዚያው አገር፣ ጃንሆይ ባዝ ከተማ ተቀምጠዋል። ማይጨው ከሆነው ነገር በኋላ በስደት ከመጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እንግሊዝም በ1938፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምልዎት፣ የጣልያንን ወረራ ዕውቅና ሰጥታ እሳቸውን ዘንግታቸው ነበር። ሙሶሊኒ ጦርነት ባወጀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን አውሮፕላን ተዘጋጅቶላቸው በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ። የቀረውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ጥር ላይ በኦሜድላ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ። ስደተኛው ንጉሥ ወደ አገሩ ሊገባ በሚነሣበት ወር አይስክሬም ሻጩ ታስሮ ወደ ባሕር ይላካል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ሰምቼ አውቃለሁ፤ አንድ ወር ላይ መሆናቸውን ግን እዚያ ሮዝ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት።

ያን ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። አባታቸው በሰላቶ እጅ የሞተባቸው፣ ራሳቸው አምስቱን ዓመት ዱር ያደሩ ሰው፣ ልጃቸው ፒያሳ ጣልያን ኬክ ቤት ተቀጥሮ ብርጭቆ ሲያጥብ! ደመወዝዎን ሊቀበሉ ሲመጡ ደጃፉን አልረግጥም ብለው ማዶ ካለው አጥር ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቆሙ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ልጅ ሆኜ በዚህ በጣም እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ግን እንዲህም እላለሁ። ጃንሆይ ሲገቡ «ክፉን በክፉ አትመልሱ» ብለው አዘው ነበርና፣ ያ ኬክ ቤት የተረፈው እንደ አያቴ ያሉ ሰዎች የታጠቁትን ጠመንጃ ይዘው ዝም ስላሉ ነው። እዚህ ምንም ያላደረገውን ሰው ድንጋይ ወረወሩበት፤ እኛ ዘንድ የወረረን ሰው አገራችን ቀርቶ ማካሮኒ ቀቀለ፣ ጋራዥ ከፈተ፣ እስፕሬሶ ማሽን ተከለ። አያቴ ግን አልገባም አሉ። አለመግባት መብታቸው ነበር መሰለኝ።

እና አባዬ፣ ሁሌ ስጠይቅዎ ስቀው የሚያልፉትን ዛሬ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ያ ባለቤቱ ሰውዬ አያቴን ማዶ ቆመው ሲያያቸው ምን ይል ነበር? አንድ ቀን ቡና በስኒ አስይዞ ወደ ማዶ ልኮዎት እንደነበር እማዬ ሹክ ብላኛለች። አያቴ ጠጡት ወይስ ደፉት? እማዬ «እሱን አባትህን ጠይቅ» ብላ ጨርሳለች። ዓይንዎ ካስቸገረዎት ወንድሜ እየነገሩት ይጻፍ፤ እንዳያሳጥረው ብቻ።

ለእማዬ ሹራብ፣ ለእርስዎ የጉልበት ማሰሪያ በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ። ማሰሪያውን ሌሊት ያውልቁት ብሏል ሐኪሙ።

ልጅዎ