መንገዱ መቼ ነው የሚገባው ላልከኝ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህም አያትህም ሰላም ይሉሃል።

ባለፈው በስልክ "እማዬ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነሽ መንገዱን እንኳ ማስገባት አቃተሽ?" ያልከኝ ከልቤ አልወጣም። ተቀይሜህ አይደለም። ኔትወርኩ ተቆራርጦ መልስ ሳልሰጥህ ስለቀረሁ ነው። ጥያቄው ደግሞ ያንተ ብቻ አይደለም። ገበያ ስወጣም ለቅሶ ስቀመጥም ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

ልጄ፣ ቀበሌ የራሱ ካዝና የለውም። ክልሉ በጀቱን በጥቅል የሚሰጠው ለወረዳ ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሠራሩ እንደዚህ ነው። ወረዳው ደግሞ የመምህሩን፣ የጤና ባለሙያውን፣ የግብርናውን ደመወዝ ከፍሎ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ድልድይ ያለበት መንገድ ከዚያ ላይ አይወጣም። እኛ የምንችለው ዕቅድ በተዘጋጀ ቁጥር ጥያቄያችንን አንደኛ አድርገን መጻፍ ነው። ዘንድሮም ጽፈናል። ድንጋይና ጉልበት ከኛ እንደሆነም አብረን ጽፈናል። ከዚህ አልፌ በዚህ ወር ይገባል ብዬ ቀን ብቆርጥልህ ግን ውሸታም ያደርገኛል።

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?" ትለኝ ይሆናል። ልንገርህ።

ሰሞኑን ሥራዬ ሁሉ መሬት ነው። የይዞታ ልኬታው ውጤት ለሕዝብ ዕይታ ወጥቷል። ካርታው ጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይመጣል። ማንበብ የማይችለው እንኳ ወንዙን ካገኘ በኋላ በጣቱ እየተከተለ ማሳው ላይ ይደርሳል። "ይቺ የኔ ናት፣ ይቺ የእገሌ፣ ታዲያ መሐላችን ያለው ወሰን ለምን ወደ እኔ ገባ?" ይላል። ያኔ ጎረቤቱ ይጠራል፣ የመሬት ኮሚቴው ይወርዳል፣ ድንበሩ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። ስህተት ሁሉ መታረም ያለበት አሁን፣ ወረቀቱ ሳይታተም ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ከወጣ በኋላ የሚነሣ የወሰን ክስ ስንት ዓመት እንደሚጎተት አንተም በቤታችን አይተኸዋል።

አንዲት እናት መጥታ ምን አለችኝ መሰለህ? "የሱ ፎቶ አለ፣ የኔ ቦታ ባዶ ነው።" ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ መኖር አለበት። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያ መብት በአንድ ሰው ስም ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ፍቺ ወይም ሞት በመጣ ቀን ሴቲቱ ምን ይዛ ትከራከራለች? ባልየውን አስጠራነው። ክፋት አልነበረውም፣ ከተማ ወርዳ ፎቶ የምትነሣበት ቀን አጥታ ነው የቀረችው። አሁን ፎቶዋን አምጥታ አስገብታለች። ይህ በጋዜጣ አይወጣም፣ ሪፖርት ላይም አንድ መስመር አይሞላም። ለኔ ግን የዓመቱ ትልቅ ሥራዬ እሱ ነው።

አያትህ እስከ ዛሬ ቀበሌውን "የገበሬ ማኅበር" ነው የሚሉት። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር የሰሙ ሰው ናቸው። ያኔ አንድ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ20 ጋሻ ላይ ነበር፤ ወደ 800 ሄክታር መሆኑ ነው። "ከዚያ በፊት ጭቃ ሹም ነበር፣ እሱ የሚሰማው ባለርስቱን ነበር" ይላሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞር ይሉና "አንቺስ ማንን ነው የምትሰሚው?" ይሉኛል። በየጊዜው ይጠይቁኛል፣ እኔም በየጊዜው አስብበታለሁ።

ለዚህ ነው ቃለ ጉባኤ ላይ የምጠነቅቀው። ስብሰባ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል ወረቀት ማዞርና ማስፈረም ቀላል ነው። እኔ ጋ ግን ሳይፈረም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ጣቱን የሚያሳርፈው ሰው በምን ላይ እንደሚያሳርፍ በጆሮው መስማት አለበት።

በቀደም የተራራውን ክልክል ጉዳይ ተነጋገርን። ያ ድሮ እንጨት ትለቅሙበት የነበረው ራቁቱን የቀረ ተራራ ዛሬ ብታየው ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው የሠራነው እርከን ውጤቱን ያሳየው እዚያ ላይ ነው። ጭቅጭቁ ከብት ይግባ አይግባ ነበር። ብዙ ተከራክረን ሣሩ ታጭዶ ለአባወራው እስኪከፋፈል ድረስ ከብት እንዳይገባ ተስማማን። ጸሐፊው ሲያነብ "ከብት በዘላቂነት እንዳይገባ ተወስኗል" አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተነሡ። "እኛ ሣሩ እስኪታጨድ ነው ያልነው። በዘላቂነት ያለው ማነው?" አሉ። ጸሐፊው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ከበላይ የመጣው ቅጽ ላይ ያለውን ቃል ነው የገለበጠው። እዚያው ተሰርዞ እንደተባለው ተጻፈ። ባይነበብ ኖሮ ያ ቃል በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሰው በቅጣት ያስከፍል ነበር! እሳቸውም ከሁሉ ቀድመው ፈረሙ።

የውኃውን ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። ፓምፑ ተሠርቷል። የተበላሸው ውስጥ ያለችው ጎማ ናት፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ እስክትገኝ ግን ሴቱ ሁሉ ወደ ወንዝ ወርዷል። አሁን የውኃ ኮሚቴው ከወርሃዊ መዋጮው ላይ መለዋወጫ ቀድሞ እንዲገዛ ወስኗል። ሒሳቡንም ፓምፑ አጠገብ ቆመው ለተጠቃሚው ያነባሉ። መዋጮ ያቋረጡት መክፈል የጀመሩት ሒሳቡን ከሰሙ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሰው መዋጮ ከፍሎ የሚታከምበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ውስጥ ለሙከራ የተጀመረው ነው፤ ዛሬ የኛም ሰው ይታከምበታል። ምዝገባው አይከብድም። የሚከብደው መክፈል የማይችሉትን መምረጡ ነው። መንግሥት የሚሸፍንላቸው ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ችግረኛው ግን ከዚያ ይበልጣል። ቢሮ ተቀምጬ ስም ብጽፍ ዘመዷን አስገባች መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በየጎጡ ሰው ተሰብስቦ ራሱ ይመርጣል። እንዲህም ሆኖ ያልተመረጠች መበለት ደጄ ስትመጣ የምላት ቃል ይጠፋኛል። ለወረዳው ተጨማሪ ኮታ ጠይቀናል። እስከዚያው ዕድሩ ለሦስት ቤተሰብ መዋጮ ሊከፍል ተስማምቷል። ይህን ያደረጉት ሳላዛቸው ነው፤ በነሱ እኮራለሁ።

በል እንግዲህ፣ ነገ በጠዋት የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች ይመጣሉ፣ ወረቀቶቼን ማዘጋጀት አለብኝ። እህትህን ግን አደራ አስታውሳት። ሕፃኑ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ እሷ እንደሆነ ሥራ በዝቶብኛል እያለች ቀኑን ታሳልፈዋለች። የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ እዚያው በምትኖርበት ቀበሌ ትሂድ፤ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልጋትም። የልደት የምስክር ወረቀቱን ስትቀበል የስሙን ፊደል እዚያው ቆማ ታንብበው።

እናትህ