በአባይ መውጫ ጉማሬዎች ላይ ስለደረሰው ማዋከብ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጀልባ ጉዞ አገልግሎት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተሰጠን የጀልባ ጉዞ ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህርት ስሆን፣ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን አሥራ አንድ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎቼን ይዤ በድርጅታችሁ ጀልባ ወደ ደብረ ማርያምና ወደ አባይ መውጫ ተጉዤ ነበር። የጉዞው ዓላማ የዱር እንስሳትን ሳይረበሹ መመልከትና ያየነውን መመዝገብ እንደሆነ ከሳምንት በፊት ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ አስረድቻለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛም ጀልባው ከእንስሳቱ ራቅ ብሎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንደሚቆም አረጋግጣልኝ ይህንኑ በደረሰኙ ጀርባ በእጅ ጽሑፏ አስፍራልኛለች። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ገንዘቡ ተማሪዎቹ ከመስከረም ጀምሮ ከኪሳቸው እየቆጠቡ ያዋጡት መሆኑንም እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣት ሲገባን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥተናል፤ በዚህ አላማርርም። ነገር ግን ለአሥራ ሁለት ተሳፋሪ የቀረበው የሕይወት አድን ጃኬት ዘጠኝ ብቻ ነበር፤ ከዘጠኙም የሁለቱ ማሰሪያ ተበጥሷል። መዋኘት የማይችሉትን ልጆች አስቀድሜ አለበስኳቸውና ጉዞው ቀጠለ። በዚያው ሰዓት ልጆቹን ይዤ መመለስ ይገባኝ ነበር፤ አለመመለሴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ጃኬቱን አለማሟላት ግን የእናንተ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ የሚከተለው ነው። አባይ ከጣና በሚለይበት አካባቢ፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለበት ዳርቻ ስንቃረብ፣ አራት ጉማሬዎች ጆሯቸውን፣ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ ከውኃው በላይ አድርገው ተኝተው አየን። ሾፌሩም በተባለው መሠረት ከሩቅ ቆሞ ሞተሩን አጠፋ። ያ ሩብ ሰዓት ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ነበር። ክፍል ውስጥ ዝም በሉ ብዬ የሚሰለቸኝ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ጸጥ ብለው የጉማሬዎቹን ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር። አንዷ ተማሪ ሰዓቷን ይዛ ትልቋ ጉማሬ ከጠለቀች በኋላ ተመልሳ እስክትተነፍስ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባት ስትመዘግብ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሆኖ አገኘችው። ከዚያም ከትልቋ ጎን ከማሰሮ የማይበልጥ ትንሽ ራስ ብቅ አለ። ግልገሏ ነበር። እንደ እናቱ ብዙ መቆየት ስለማይችል ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ እየወጣ ሲተነፍስ፣ ጆሮዎቹን አርገፍግፎ ውኃውን ሲበትንና መልሶ ወደ እናቱ ጀርባ ሲጠጋ ሁላችንም በዓይናችን አየን።

በዚህ መካከል የድርጅታችሁ የሆኑ ሌሎች ሁለት ጀልባዎች እንግዶች ጭነው ከወዲያኛው በኩል ደረሱ። ሾፌሮቹ ተጠራሩ፤ የእኛም ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ ወደፊት ሄደ፤ ሦስቱ ጀልባዎች ግማሽ ክብ ሠርተው እንስሳቱን ወደ ደንገሉ አስጠጓቸው። ርቀቱ ከአሥር ሜትር የሚበልጥ አልነበረም። ጉማሬዎቹ ራሳቸውን እንዲያነሡ ሾፌሮቹ ባሉበት ቆመው ሞተሩን ደጋግመው ያስጮኹ ነበር። እናቲቱ አፏን እስከ መጨረሻው ስትከፍት በአንደኛው ጀልባ የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ፤ የእኛም ሾፌር ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ ቲቸር፣ አዛጋችልሽ» አለኝ። ያ ማዛጋት አልነበረም። ጉማሬ ሰው ሲጠጋት ጥርሷን እንዲህ አድርጋ የምታሳየው ተመለስ ለማለት ነው፤ ካልተመለሰ ደግሞ የምታደርገውን በዚህ ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ወዲያው ውኃውን መትታ ስትጠልቅ ጀልባችን ተናጠ፤ ጃኬት ያልደረሳቸው ሦስት ልጆች እጄን ይዘው ነበር። ግልገሉ ከእኛ ጀልባ በስተግራ ብቅ ሲል እናቱ በስተቀኝ ነበረች፤ በሁለቱ መካከል የቆምነው እኛ ነን። ተማሪዬ ግን ሰዓቷን አልለቀቀችም። በደብተሯ ላይ የእናቲቱ ትንፋሽ 38 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 25 ሰከንድ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ «አልታየችም» የሚል ቃል በተንቀጠቀጠ ጽሑፍ ሰፍሯል። ያን ገጽም ቅጂውን አያይዤዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ልጆቹ ስለደነገጡ ብቻ አይደለም። ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ ግልገሉም የሚጠባው በአመዛኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ጉማሬ ዋናተኛ አይደለችም፤ የውኃውን ወለል እየረገጠች ነው የምትሄደው፤ ጠለቅ ባለ ቦታ ግልገሏን በጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ በአባይ መውጫ ዳር ያለው ውኃ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሥር ማን እንዳለ ሳይታወቅ ጀልባ ሲነዳ ፕሮፔለሩ የሚሽከረከረው ለመተንፈስ ወደ ላይ በሚወጣው ግልገል አናት ላይ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የምትመዝን እናት በድንጋጤ ከሥር ብትነሣ ደግሞ ያንን ጀልባ ለመገልበጥ የሚያግዳት ነገር የለም።

ለዚህ ጉዞ ስንዘጋጅ ለክበቡ ያስተማርኩት ሌሎች አገሮች በጀልባ የሚታዩ እንስሳትን እንዴት እንደሚጠብቁ ነበር። ምሳሌ ያደረግኩትም ሃምፕባክ የተባለውን ዓሣ ነባሪ ነው። በሰሜን ፓስፊክ የሚኖሩት ብዙዎቹ በበጋ በአላስካ ቀዝቃዛ ባሕር ጠግበው ከበሉ በኋላ ክረምቱን በሃዋይ ሞቃት ውኃ ለማሳለፍና ለመውለድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። እናቲቱ በዚያ በምትቆይባቸው ሳምንታት ምግብ ሳትቀምስ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከሰውነቷ ስብ እየቀነሰች ስለምታጠባ፣ ጀልባ ባሳደዳት ቁጥር የሚባክነው ለልጇ ወተት የሚሆነው ጉልበት ነው። በዚህም ምክንያት በሃዋይም ሆነ በአላስካ ማንኛውም ጀልባ ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ ይበልጥ እንዳይጠጋ በሕግ ተከልክሏል። በኒውዚላንድ ደግሞ በአንድ ዓሣ ነባሪ ዙሪያ በ300 ሜትር ውስጥ ከሦስት ጀልባ በላይ መገኘት አይፈቀድም፤ ግልገል ካላት ትልቅ ዓሣ ነባሪም ቢያንስ 200 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ይህ ሁሉ እስከ 15 ሜትር ለሚረዝምና ሰፊ ውቅያኖስ መሸሻ ላለው እንስሳ የተደነገገ ነው። የእኛዎቹ ጉማሬዎች ከኋላቸው ደንገል፣ ከፊታቸው ሦስት ሞተር ነበረባቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ እዚያው ጀልባው ላይ «ቲቸር፣ ያ ያስተማርሽን ርቀት እዚህ አይሠራም?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጥቼ ዝም ብያለሁ።

ስንመለስም ሾፌሩ ድንጋይ ላይ አርፈው ክንፋቸውን ወደሚያደርቁት ፔሊካኖች ጀልባውን አዙሮ ሁሉንም አስነሣቸው፤ ፎቶ እንድናነሣ ብሎ ነው። ከዚያም በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ከዘጌ አቅጣጫ እንጨት ጭነው የሚመጡ አንድ አባት ባሉበት ታንኳ አጠገብ አለፈ። ታንኳ ከደንገል የተሠራ መሆኑን፣ ጫፉም ከውኃው ብዙ ከፍ እንደማይል ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ማዕበሉ ጭነቱን አርሶ ከእንጨቱ ከፊሉን ወሰደባቸው። ጀልባው ፍጥነቱን የቀነሰው እኔና ልጆቹ ከጮኽን በኋላ ነው፤ ተመልሰን የተንሳፈፈውን ያህል ለቀምንላቸው። «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልን» ስላቸው «ምን ይደረግ ልጄ፣ ለምደነዋል» አሉኝ። ይህ ቃል ከጉማሬዋ ባላነሰ አሳዝኖኛል።

ስለ ሾፌሩ እውነቱን ልናገር ይገባኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጆቹም ትሑት ነበር፤ ሐይቁንም ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ለምን ይህን እንዳደረገ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ካልቀረብንላቸው እንግዶቹ ምን አሳያችሁን ይላሉ፤ ጉርሻም የለም፤ ቢሮም ቅሬታ ይደርሳል» ብሎ መለሰልኝ። በዚህ መልስ ውስጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይታየኛል። ሠራተኛው ጉማሬ አስነሥቶ ጉርሻ እንዲያገኝ የሚገፋፋው አሠራር የድርጅቱ ነው፤ በቢሮ ሞተር ይጠፋል ብሎ የሚጻፈው ቃልም ለሾፌሩ አልተነገረውም፤ ደረሰኙን ባሳየሁት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ነበርና። በቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን የሚገልጽ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በዚያ ሥዕል ደንበኛ የሚጠራ ድርጅት ሾፌሮቹን ከጉማሬ ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው ሳያስተምር ወደ ሐይቁ ሊልካቸው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ድርጅታችሁ ለሾፌሮቹ ሁሉ የጽሑፍ መመሪያ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ወደ ጉማሬዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ ጀልባ በላይ እንዳይቀርብ፣ ከ100 ሜትር ርቀት ሞተር ጠፍቶ እንዲታይ፣ ግልገል ከታየ ደግሞ ጀልባው ቀስ ብሎ እንዲመለስ የሚል ሊሆን ይገባል። መመሪያው እንግዶችም እንዲያነቡት ጀልባው ላይ ቢለጠፍ ሾፌሩ ከጭቅጭቅ ይድናል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ማሰሪያው የሚሠራ ጃኬት ሳይኖር ጀልባ እንዳይነሣ፣ በታንኳ አጠገብ ሲታለፍም ፍጥነት እንዲቀነስ ይደረግ። እንጨታቸው ለተወሰደባቸው አባት ካሳ እንዲከፈል እጠይቃለሁ፤ ሾፌሩ በመልክ እንደሚያውቃቸው ነግሮኛል። ክበቡ ከከፈለውም ግማሹ ይመለስልን፤ የተስማማንበት አገልግሎት ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠን።

የክበቡ ሁለተኛ ቡድን፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ ለየካቲት 22 ቀን ቀብድ ከፍለው በድርጅታችሁ ተመዝግበዋል። ቀብዱን እስካሁን አላስመለስኩም፤ እስከ የካቲት 10 ቀን በጽሑፍ የሚሰጠኝን መልስ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረንበት ልጆቹን መላክ አለመላካችንን እንወስናለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የተፈጥሮ ክበቡ ኃላፊ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር