ከአጥር ውጪ ሆነሽ ፈረስ ስታነሺ

ሚጣዬ፣

የላክሽልኝን የፈረስ ዝላይ ውድድር ፎቶዎች ከሥራ ገብቼ አየኋቸው። እናትሽ ስልኩን ነጥቃኝ እሷም አየች። ቀለማቸው ያምራል፣ አቋራረጥሽም ደህና ነው። ግን ሁሉም ፈረስ መሬት ሊነካ ሲል ነው የተያዘው። የፊት እግሩ ወደ ታች ተዘርግቷል፣ ጋላቢውም ወደ ኋላ ተለጥጧል። «ካሜራው ቀርፋፋ ነው» ብለሻል። ካሜራው ምንም አልሆነም። አንቺ ነሽ የዘገየሽው።

ፈረሱን አየር ላይ አይተሽ የካሜራውን ቁልፍ ከተጫንሽ አልቋል። የኋላ እግሩ መሬቱን ሲለቅ ተጫኚ። ያኔ ገና እየወጣ ነው። የፊት ጉልበቶቹ ከደረቱ ሥር እኩል ይታጠፋሉ፣ አንገቱ ይረዝማል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቀሰራል። ፈረሰኞች ፎቶ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያዩት እነዚያን ጉልበቶች ነው። የራሳቸውን ፊት የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጉልበት ተንጠልጥሎ ከወጣ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይገዙሽም።

ጣትሽን ጭነሽ ካሜራው ይርገፍገፍ ማለትም ብዙ አያዋጣም። በሰከንድ አሥር ፎቶ ቢያነሳልሽ እንኳ የምትፈልጊው ቅጽበት በሁለቱ መካከል ሊያመልጥ ይችላል። ይልቅ በጆሮሽ ተከታተይው። የኮቴው ምት እየተደጋገመ ይመጣል። ትልቅ ፈረስ በግልቢያ አንዴ ሲዘረጋ 3.6 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሁለት መሰናክሎች ተቀራርበው የተተከሉበት ቦታ ፈልጊ። በመካከላቸው አንድ ወይም ሁለት የፈረስ እርምጃ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ሲዘል ትሰሚያለሽ፣ ትቆጥሪያለሽ፣ ሁለተኛው ላይ መቼ እንደሚነሳ ፈረሱ ራሱ ይነግርሻል።

እና እባክሽ፣ አንድ መሰናክል ያዢና እዚያው ቁሚ። ሜዳው ውስጥ የሚገቡት ውድድሩ ራሱ የቀጠራቸው ፎቶግራፈሮች ናቸው። እነሱን አይተሽ አጥሩን እየዞርሽ አሥራ ሁለቱንም መሰናክል ልታሳድጂ ከሞከርሽ አንዱንም አትይዢም። ቀድመሽ ሂጂ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ፈረሰኞቹ በእግራቸው ሜዳውን እየዞሩ እርምጃ ይለካሉ። የመሰናክሎቹ ቅደም ተከተል መግቢያው አካባቢ ይለጠፋል፤ በስልክሽ አንሺው። ያንን ባታገኚ ደግሞ ከመሰናክሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ባንዲራዎች እዪ። ቀዩ ሁልጊዜ በፈረሰኛው ቀኝ፣ ነጩ በግራው ነው። እንግዲህ ከቆምሽበት ሆነሽ ስታዪ ቀዩ በግራሽ ከሆነ ፈረሱ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ሰያፍ ሆነሽ፣ ከሚያርፍበት ወገን ቁሚለት። ሁለት አግዳሚ ፊትና ኋላ ተደርጎ የተሠራው ሰፊ መሰናክል፣ ኦክሰር የሚሉት፣ ከሁሉም ይሻላል። ፈረሱ ስፋቱን ለመሻገር ጀርባውን ያጎብጣል።

ከኋላው ምን እንዳለ ደግሞ ሳታዪ እንዳትቆሚ። እኔ በየጁኑ የምሄድበት፣ ቨርጂኒያ ያለው አፐርቪል፣ እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ የሚካሄድ ውድድር ስለሆነ ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉት፤ እነሱን ከኋላ ማድረግ ነው። አንቺ ያለሽበት ኬንታኪ ሆርስ ፓርክ ግን የማስታወቂያ ጨርቅና የቆመ መኪና ይበዛል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብትሄጂ የፕላስቲክ ሽንት ቤቱ ከጋላቢው ራስ ላይ ይወርድልሻል።

ካሜራው ላይ ብዙ አትጨነቂ። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አታውርጂው፣ ብርሃን ካለ 1/1600 አድርጊው። የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) እስከ f/4 ወይም f/2.8 ክፈቺው። ፎከሱ የመሰናክሉ ቋሚ ላይ እየዘለለ ካስቸገረሽ፣ ቀድመሽ የላይኛው አግዳሚ መሐል ላይ አስተካክለሽ ቆልፊው። የሽቦ አጥር ካለ ሌንሱን አስጠግተሽ በቀዳዳው በኩል አንሺ፤ ሽቦው ይጠፋል። ጉራቻ ፈረስ ሲመጣ ካሜራው ጨለመብኝ ብሎ ያነጣዋል፣ አምባላይ ሲመጣ ደግሞ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ብርሃኑን በሣሩ ለክተሽ፣ ካሜራው ራሱ እንዳይቀይረው በማንዋል ያዢው። የቀትር ፀሐይ ደግሞ የጋላቢውን ፊት በሄልሜቱ ጥላ ይሸፍነዋል። ጠዋት ሂጂ።

አንቺ ታሪክ ስለምትወጂ፦ ድሮ ፈረሰኞች ሲዘሉ ወደ ኋላ ተለጥጠው ልጓም ይጎትቱ ነበር። ካፕሪሊ የሚባል ጣሊያናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው ወደ ፊት መታጠፉን ያስተማራቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሞተ፣ ዛሬ ሁሉም የሚዘለው በእሱ መንገድ ነው። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው፦ የጋላቢው እጅ ከፈረሱ አንገት ጋር ወደ ፊት ሲሄድና ልጓሙ ሲላላ ካየሽ፣ ጊዜው እሱ ነው።

ከፎቶው ሥር የጋላቢውን ስም ብቻ አትጻፊ። የፈረሱም ይግባ። እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ፈረሱን ስም አልባ ማድረግ አያምርብንም።

ፍላሽ አታብሪ። ጃንጥላ አትክፈቺ፣ ፈረስ ሲመጣም ከተቀመጥሽበት ብድግ አትበይ፤ ይደነብራል። ሰው ሲወድቅ ካነሳሽ ፎቶውን ለራሱ ለወደቀው ካልሆነ ለማንም አታሳዪ። መሸጥ ካማረሽ መጀመሪያ አዘጋጆቹን ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ከውጭ ያነሳ ሰው እንዲሸጥ አይፈቅዱም።

በሚቀጥለው ስትልኪልኝ የተበላሹትንም ጨምሪ። ሳትቆርጪ ላኪያቸው፣ የት ቆመሽ እንዳነሳሽም ጻፊበት። እናትሽ ደግሞ ሰንስክሪን ተቀቢ ብላለች።

አባትሽ