የሴቶች ጫማ ስፋቱም ይታሰብበት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

እግሬ 42 ቁጥር፣ ከፊቱ ሰፊ፣ ከተረከዙ ግን ቀጭን በመሆኑ፣ መርካቶ ስዞር ውዬ ብዙ ጊዜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ሻጮች «እትዬ፣ ቆዳ ነው፤ ሲያደርጉት ይለቃል» ይሉኛል፤ በስፋት ጥቂት ይለቅ ይሆናል፣ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጫማው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ርዝመትን ብቻ ስለሚያመለክት፣ ስፋት ፍለጋ አንድ ቁጥር የጨመረች ሴት ተረከዟ እየወለቀባት ትራመዳለች።

በቅርቡ አንድ ጫማ ሠሪ ወረቀት ላይ አቁሞኝ እግሬን በእርሳስ ከከበበ በኋላ፣ በአውራ ጣቴ ሥር ያለውን ጉብታ ዙሪያውን በሜትር ለካ፤ ፎርማው (ጫማ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) ላይም በዚያው ቦታ ቁራጭ ቆዳ ለጥፎ ጫማ ሠራልኝ። (ዋጋው ግን አይጣል ነው!) የአገራችን ፋብሪካዎች ለየቁጥሩ ሁለት ዓይነት ስፋት ያላቸው ፎርማዎች ቢጠቀሙ ምን ይከብዳቸዋል?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ