ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ሶሲዮሎጂና ሚዲያ በወረቀት ብቻ ነው የተጋቡት

ጉዳዩ፦ የሶሲዮሎጂና ሚዲያ ጥምር ዲግሪን ይመለከታል

የተከበራችሁ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ጥምር ፕሮግራም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካሪኩለም ሲከለስ ተማሪ ስለማይጠየቅ ሳልጠየቅ ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪው ላይ ሁለቱ ስሞች በአንድ መስመር ይጻፋሉ እንጂ ትምህርቱ ለየቅል ነው። ጠዋት ሶሲዮሎጂ ክፍል ገብተን ስለ መደብ፣ ስለ ተቋማት፣ ሶሲዮሎጂን ከመሠረቱት አንዱ ስለሆነው ስለ ዱርካይም እንማራለን፣ ከሰዓት ሚዲያ ክፍል ገብተን ካሜራ፣ ኤዲቲንግ፣ የዜና አጻጻፍ ምናምን። የጠዋቱ መምህር ጋዜጣ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አያነሳም፣ የከሰዓቱ ደግሞ ያን ሁሉ ዜና ማን እንደሚያየውና ምን እንደሚያደርገው አይጠይቅም። ማገናኘቱ ለኛ ተትቷል፣ እኛ ደግሞ ፈተና ላይ ነን።

የሚገርመው ሁለቱ ከጥንትም አብረው የነበሩ መሆናቸው ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ማክስ ቬበር በ1910 ፍራንክፈርት ላይ፣ በጀርመን ሶሲዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤ፣ ጋዜጣን እናጥና ብሎ ትልቅ ፕሮጀክት አቅርቦ ነበር፣ ሳይሳካለት ቀረ እንጂ። ሮበርት ፓርክም ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ከማስተማሩ በፊት ለዓመታት የጋዜጣ ሪፖርተር ነበር። በ1940 ደግሞ እነ ሶሲዮሎጂስቱ ላዛርስፌልድ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ መራጮችን እየደጋገሙ ሲጠይቁ ከረሙና ሬድዮና ጋዜጣ በቀጥታ ሐሳብ ያስቀይራል የሚለው ግምት አልሆን አላቸው፣ ሰዉ ይበልጥ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን፣ ነገር የሚከታተለውን ሰው ሆኖ ተገኘ። ካሜራ ብቻ የተማረ ሰው ይሄን ጥያቄ ከየት ያመጣዋል?

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ የሁለቱ የጋዜጠኝነት ተመራማሪዎች፣ የማክኮምብስና የሾው ጥናት ነው። በ1968ቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሰሞን ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ውስጥ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ዋናው ጉዳይ ምንድነው ብለው ጠየቁ፣ በጎን ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሚያገኙት ሚዲያ ለየትኛው ጉዳይ ምን ያህል ቦታ እንደሰጠ ቆጠሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ሲያስተያዩት ቅደም ተከተሉ በጣም ተቀራረበ። በ1972 ሲታተም አንድ ሙሉ የጥናት ዘርፍ ከፈተ። ሥራው ግማሹ ዜና መቁጠር ግማሹ ሰው መጠየቅ ነው እኮ፣ አንዱን ብታነሱት ጥናቱ የለም።

እኛ ግን ይህን በንባብ እንጂ በእጃችን አናውቀውም። ባለፈው ሴሚስተር እኔና አንዲት ጓደኛዬ በራሳችን ተነሳሽነት ስለ ሥራ አጥነት የወጡ ዜናዎችን ኮድ እናድርግ፣ ማለትም እያንዳንዱን ዜና በሠንጠረዥ ጥያቄዎች እየመደብን እንመዝግብ አልን። ሠንጠረዡ ላይ «ጥፋቱ የማን ነው ይላል?» የሚል ጥያቄ አለ፣ ምርጫው የግለሰቡ፣ የመንግሥት፣ የኢኮኖሚው፣ አይታወቅም። አንዱ ዜና ላይ ባለሥልጣኑ ወጣቱ ሥራ ይንቃል ብለዋል፣ ጋዜጠኛው ምንም አልጨመረም። እኔ «የግለሰቡ» አልኩ፣ እሷ ደግሞ ጋዜጠኛው እኮ የሰው ንግግር ነው የጠቀሰው፣ «አይታወቅም» ነው አለች። ተጨቃጨቅን በቃ። ግን ጭቅጭቁ ውስጥ ነው ነገሩ የገባን፣ በዜናው ውስጥ ሥራ ያጣ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም፣ ማን እንዲናገር እንደተፈቀደለት የሚጠይቅ ኮለም ሠንጠረዣችን ላይ የለም! መደብ፣ ሥልጣን እያልን ጠዋት ጠዋት የምንሸመድደው እኮ እሱ ነው። ኮለሙን ጨመርን፣ ከመጀመሪያው ዜና እንደገና ጀመርን።

ከዚያ ሁለታችን ምን ያህል እንደተስማማን መለካት መጣ። በመቶኛ ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ቢገምትም አንዳንዴ ይገጣጠማላ፣ ለዚህ ነው ጃኮብ ኮኸን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 ይህን የአጋጣሚ መገጣጠም ቀንሶ የሚያሰላውን፣ ካፓ የሚባለውን መለኪያ ያወጣው። ማን አስተማረን? ዩቲዩብ። የሶሲዮሎጂው ስታቲስቲክስ ስለ ሰርቬይ ብቻ ነው፣ ሚዲያው ጋ ስታቲስቲክስ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁለቱ ዲፓርትመንቶች አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚያስተምሩት አንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ ይኑር፣ አብረው ስል ሁለቱም መምህራን እዚያው ቆመው ማለቴ ነው፣ ግማሽ ግማሽ ሴሚስተር ተካፍለው አይደለም። ኢንተርንሺፑም ካሜራ ተሸክሞ መዞር ብቻ አይሁን፣ የጠዋቱን የኤዲቶሪያል ስብሰባ ቁጭ ብሎ ማየት፣ የትኛው ዜና ለምን እንደወደቀ መመዝገብ ክሬዲት ይኑረው። ሶሲዮሎጂስቱ ዋረን ብሪድ የጋዜጣ ቤቶችን አጥንቶ በ1955 ያሳየው እሱን አይደል፣ አዲስ ሪፖርተር የቤቱን ፖሊሲ ማንም ሳይነግረው ጽሑፉ እየታረመ ሲመለስለት ይማረዋል። የሕዝብ ማሠራጫዎች አርካይቭም ለተማሪ ይከፈት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን መዞር ሰልችቶናል።

ተመርቃችሁ ምን ትሠራላችሁ እንደምትሉ አውቃለሁ፣ የአድማጭ ተመልካች ጥናት፣ የጤና ኮሚኒኬሽን፣ የመረጃ ማጣራት አለ። ደግሞ በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የትዊተር ጥናት ውሸት ከእውነት ይልቅ በፍጥነትና በስፋት እንደሚዛመት ሲያሳይ ልዩነቱን ያመጡት ሰዎች እንጂ ቦቶች (በራሳቸው የሚለጥፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) አይደሉም ነው ያለው። ቦቶቹ ቢሆኑማ ኢንጂነር ይበቃ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ውሳኔ ላይ ከደረሳችሁ እባካችሁ ለሁለቱ ዲፓርትመንቶች በአንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ለየብቻ ከተላከ አንዱ ያኛው ይሠራዋል ብሎ ፋይል ውስጥ ማስቀመጡ አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ