ለትንንሽ ክለቦችም ሊግ ይታሰብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ጅማ ውስጥ ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ከሲሚንቶው ሜዳ ላይ ውኃውን በመጥረጊያ ገፍተን እንጫወታለን። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ጎበዝ ብንሆን የት እንደርሳለን?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የ12 ክለቦች መድረክ ነው፤ ለእኛ ሩቅ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ፣ በባልካን ግን የአካባቢው አገሮች ትልልቅ ክለቦች ከሚወዳደሩበት ከአድሪያቲክ ሊግ በታች እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለተኛ ሊግ ተቋቁሞ፣ የስሎቬኒያ፣ የሰርቢያና የቦስኒያ አነስተኛ ክለቦች ድንበር ተሻግረው ይፋለማሉ።

ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ ክለቦች ጋር እንዲህ ያለ ሊግ ቢኖረንስ? የጉዞው ወጪ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ክለቦቹ በየዙሩ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ቢጫወቱ ግን ይቀላል። ፌዴሬሽኖቹ ይነጋገሩበት፤ ልጁ አሁንም መልስ ይጠብቃል።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከጅማ