ለለቅሶ የተጠራ ለደስታም ይጠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የምኖር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ እንግዶች ጉብኝት ትነግሩናላችሁ፤ ጥሩ ነው። በሰፈር ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ግን አንድም ቀን አንብቤበት አላውቅም። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መጋቢት ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ የሰፈራችን ወጣቶች ሐይቁ ዳር ዝግጅት አሰናድተው ነበር። ከእድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተዋሱ። ጠዋት ዳር ዳሩን እየዞሩ ፌስታሉንና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ለቀሙ፣ ከሰዓት ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። ከወይጦ ማህበረሰብ የሆኑ አንድ አባትም መጥተው ታንኳ ሲሠሩ አሳዩን። እኔ ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሲሠራ ጠጋ ብዬ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። የደረቀውን ደንገል በነዶ በነዶ አስተካክለው በጉልበታቸው ይጫኑትና ገመዱን ሲስቡት ሲጥ ሲጥ ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ «አባባ፣ አይሰምጥም?» አለቻቸው። «ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል እንጂ አይሰምጥም፤ ሲከብድ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን» አሏት። ቀጥለው ደንገል ድሮ እዚሁ እግራችን ሥር እንደነበር፣ አሁን ግን ለማጨድ ርቀው እንደሚሄዱ ነገሩን። ይኼንን ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን።

ስንት ሰው መጣ መሰላችሁ? ሠላሳ እንኳ አንሞላም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድንኳኑን ማጠፍ ስንጀምር አንዲት የሰፈራችን ትልቅ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀስ እያሉ መጡ። የእድሩ ድንኳን ሲወጣ አይተው ሰው የሞተ መስሏቸው ነው። ቡናውንና የሚሯሯጡትን ልጆች ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ «ለለቅሶ ሲሆን ትጠሩኛላችሁ፣ ለደስታ ሲሆን ግን ማንም በሬን አያንኳኳም?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኚህ እናት ከተማዋን የሚያውቋት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሳይከፈት፣ ከ1953 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ ነው። ለልጆቹ የሰፈሩን ታሪክ ይንገር የሚባል ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው የሚቀድም የለም።

ልጆቹን ልወቅስ አይደለም። ደክመዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ወሬውን ያስተላለፉት በቴሌግራም ብቻ ነው፤ የእኚያ እናት ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ቤቱ የሚቀር የለም። እድራችን ለእንዲህ ያለው ጊዜም ሰው ይላክ እላለሁ። ጡሩምባው ይነፋ አልልም፣ ሰው ይደነግጣል። በየበሩ እየዞረ በአፉ ቢናገር ይበቃል።

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ አንዲት ትንሽ ቦታ ነው። በየእትሙ ጥግ ላይ «በሰፈር» ብላችሁ አራት አምስት መስመር ስጡን። የት ሰፈር፣ መቼ፣ ምን አለ፤ በቃ። ጋዜጣው ፀጉር ቤት ይገባል፣ ሱቅ ይደርሳል፣ ማንበብ ለማይችለውም ሌላው ያነብለታል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዳው ጀልባ ተከራይቶ ወደ ገዳማቱ ሲሄድ በእኛው ደጅ ነው የሚያልፈው። በጊዮርጊስ ግቢ ያለውን፣ ከስፔናዊው ሚስዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር የሚነሳውን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤትም አይቶ ይሄዳል። የእኛ ልጆች ስንቶቹ ያውቁታል? እኔ ራሴ ስለ እሱ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከሰፈሬ ሰው ሳይሆን ከአስጎብኚ።

አሁን ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል እየመጣ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሐይቁ ዳር ቡና እናፈላለን፤ ጎረቤት የሆነ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይምጣ። ለእኚያ እናት እኔው በራቸው ድረስ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ነጠላቸውን ቀና አድርገው እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል። ለሌላው እናንተ ንገሩልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር